ማኅተም ያረፈበት አገጭ

ከመጀመሪያው ጀምራችሁ የተከተላችሁኝ ቶሌራን እንዴት እንደወደድኩት እስኪሰለቻችሁ ሰምታችኋል፤ ዛሬ ገና የተቀላቀላችሁም ብዙ አላመለጣችሁም። እኔ ዱረቲ ነኝ፤ አምቦ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ። እሱ የሱቅ ታፔላና የምግብ ቤት ግድግዳ እየቀባ የሚኖር፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ለራሱ የሚሥል ሰው ነው። አባቴ ኦቦ ዱጋሳ ዕድሜውን ሙሉ ሸነን በምትባል የገጠር ከተማ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ አምቦ የገባ፣ በወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆኖ የሚያገለግል ነው። የቶሌራ እናት ወይዘሮ ካሰች ደግሞ ገበያ ውስጥ ቅቤ የሚሸጡ፣ ከጾም አንዲት ቀን የማያጓድሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። በእኔና በቶሌራ መሀል ያለው ርቀት የአንድ ባጃጅ መንገድ ነው፤ በአባቴና በወይዘሮ ካሰች መሀል ያለው ግን በምንም መኪና የሚዘልቁት አልነበረም።

ሥዕሉን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ምን እንደምሰጠው ቸግሮኝ ነበር። ኮት አለው፣ ሰዓት አለው፤ የሌለው እናቴ ብቻ ናት። እናቴ ጉዴ የሞተችው እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ከእሷ የቀረን አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ያውም ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የተነቀለ። የማኅተሙ ግማሽ ክብ ከከንፈሯ ሥር እስከ አንገቷ ድረስ ሐምራዊ ሆኖ ተመትቶበታል። ልጅ ሆኜ ማኅተሙ የሚለቅ መስሎኝ ጣቴን በምራቅ እያራስኩ ስፍቀው አባቴ ደርሶ ቀማኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶው መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ነበር የሚኖረው።

የሟች ጉርድ ፎቶ ይዞ ሠዓሊ ጋ መሄድ በእኛ ከተማ የተለመደ ነው። ሠዓሊው ፊቱን ያጎላና ከአንገት በታች ያለውን ከራሱ ይጨምርለታል። ብዙዎቹ ወንዱን ሁሉ በአንድ ከረባት፣ ሴቱን ሁሉ በአንድ የአንገት ወርቅ ነው የሚሥሉት፤ በሕይወቷ ወርቅ ነክቷት የማያውቅ ሴት ስትሞት ባለወርቅ ትሆናለች። ቶሌራ ግን ፎቶውን ካየው በኋላ ዋጋ እንኳ ሳይነግረኝ፣ "እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርግ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው በር ላይ ብቅ ሲል ከበርጩማዋ ብድግ እያለች "ኮቱ ታኢ" ትል ነበር፤ ና ቁጭ በል ማለት ነው። ድምፁ አለ፣ ፊቷ ግን የለም። ይህን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝ፤ ያን ጊዜ ነው እኔም እሱን መጀመሪያ በደንብ ያየሁት።

ከዚያ በኋላ እኔን ሱቁ ለማስጠራት የማያመጣው ምክንያት አልነበረም። ስልክ እያለው "የቀሚሷን ቀለም መጥተሽ ምረጪ" ይለኛል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እሄዳለሁ። እሱ ከሸራው ጀርባ ቆሞ ያየኛል፤ እኔ አፍሬ እስቃለሁ፤ እሱ ዓይኑን ይሰብርና ብሩሹን ይነክራል። ሥዕሉን "እስኪያልቅ አይታይም" ብሎ ከለከለኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ እኛ ተዋደድን፤ በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ሽማግሌ ላከ።

በእኛ ዘንድ ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። "እስቲ ይመለሱ፣ እንመካከር" ይባላል። በሁለተኛውም እንዲሁ። መልስ የሚሰጠው በሦስተኛው ነው። አባቴ በሁለቱ ቀን ፊቱ እንደተቋጠረ ነበር፤ "ግድግዳ ቀቢ ነው፣ ያውም የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ" ሲል ከጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሱ ገበያ ወጥቶ ለስላሳ በሳጥን አሸክሞ መጣ። እምቢ ሊል ለስላሳ የሚገዛ ሰው የለም። ጓዳ ገብቼ ለብቻዬ ጸለይኩና ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመርኩ።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ኦቦ ሚልኬሳ ነበሩ፤ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያረጁ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው። ያን ቀን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሲገቡ በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ይዘው መጡ።

"ልጁ የላከው ነው" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "የአዴ ጉዴ ሥዕል ነው። ዱረቲ ለአንተ ብላ ያዘዘችው። ገንዘብ አልቀበልም፣ ለአባቷ እኔው ልስጥ ብሏል።"

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። እናቴን በስሟ ሲጠሩለት ፊቱ ላይ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ኦቦ ሚልኬሳ አንሶላውን ገለጡት። ከሥሩ ሥዕሉ አልነበረም፤ መጋረጃ ነበር። ቀይ፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ጥብጣብ የተሰፋበት፣ በገመድ ወደ ጎን የሚሳብ መጋረጃ።

አባቴ የዘረጋውን እጅ መለሰ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኧረ እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው" አሉ ኦቦ ሚልኬሳ። "ለጌጥ ይሆናላ።"

"ሥዕል በመጋረጃ የሚሸፈነው ለምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ተገልጦ ሊሰገድለት ነው።" አባቴ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። "እኔ ባለቤቴን ቀብሬያታለሁ። የምትነሣበትን ቀን ከጌታ እጠብቃለሁ። በቤቴ ግን አይሰገድላትም። ዛሬ እሷን፣ ነገ ልጄን ወደ እምነታቸው ሊወስዱ ነው።"

"ወንድሜ፣ ማን ሊሰግድ? ገልጠህ እየው እንጂ።"

"አልገልጠውም። ልጄንም አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ ለስላሳው ሳይከፈት ወጡ። አባቴ ሥዕሉን እንደተሸፈነ ዕቃ ቤት አስገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሊያልፈኝ ሲል ዓይኔን አየና "ኢንተሎ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ወደ ቶሌራ ሱቅ ሄድኩ። በሩ ላይ ወይዘሮ ካሰች ተቀምጠዋል። ኦቦ ሚልኬሳ ሁሉንም ነግረዋቸው ነበር፤ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉኝ። "መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እኛ ቤት የምናከብረው ነገር ሁሉ መጋረጃ አለው። የሰው እናት ናት፣ አቧራ አይረፍባት፣ ዝንብ አይረፍባት ብዬ ነው። ለእመቤቴ ሥዕል ያስቀመጥኩትን ጨርቅ ቆርጬ ነው የሰፋሁት። ስድብ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ?"

እጅ ነስቻቸው ገባሁ። ቶሌራ ከውስጥ ሆኖ ብሩሽ እያጠበ ነበር፤ ተርፐንታይኑ ዓይን ያቃጥላል።

"መጋረጃ መኖሩን እንኳ ልብ አላልኩም ዱሬ" አለኝ። "ተሰቅሎ አየሁት፣ አለፍኩት። እኔ መስኮት ያለ መጋረጃ አይቼ አላውቅም፣ ሥዕልም ያለ መጋረጃ አይቼ አላውቅም። ሞኝነቴ እሱ ነው።"

"አባቴ እኮ እሺ ሊል ነበር" አልኩት።

ብሩሹን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ "ነቀምቴ አንድ ሆቴል ግድግዳውን እንድሥልለት ጠርቶኛል። ረጅም ሥራ ነው" አለ። "ልሂድ?"

አትሂድ ልለው አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት አባቴ ያን ያልተከፈተ ለስላሳ እየቆጠረ ወደ ሳጥኑ ሲመልስ ያየሁት ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ቶሌራ ዝምታዬን መልስ አደረገው። አንገቱን ነቀነቀ፣ እንደገና ብሩሹን አነሣ። አፌ ተሳስሮ ነው እንጂ አትሂድ ነው ያልኩት ብዬ እስከ ዛሬ እሟገተዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው ያለቀስኩት፤ ሹፌሩ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰልኝ።

ቶሌራ በሄደ በሳምንቱ አባቴን "ሥዕሉን ከዕቃ ቤት ላውጣው?" ብዬ ጠየቅኩት። ከመጽሐፉ ቀና ሳይል "ከቤቴ ይውጣ እንጂ የትም ውሰጂው" አለኝ። እኔም ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩት። የእናቶች ማቆያ ክፍላችን ግድግዳ ከክትባት ማስታወቂያ በቀር ባዶ ነበር፤ ኃላፊያችን "የሚያስደነግጥ ነገር ካልሆነ ስቀይው" አለኝ። ከጓደኛዬ ከአቢጊያ ጋር ሰቀልነውና መጋረጃውን ፈትቼ አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

እናቴን ያን ጊዜ ነው ያየኋት።

ወርቅ የለባትም። አበባማ የጥጥ ቀሚስ ለብሳለች። ከበርጩማዋ ገና ብድግ ስትል ነው፤ ጉልበቷ አልተዘረጋም፣ አንድ እጇ በርጩማውን ለመጪው ሰው ትገፋለች። ዓይኗ በር ላይ ካለው ሰው ላይ ነው፤ በር ላይ ያለው ሰው ደግሞ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ፣ የቆመው ሁሉ ነው። ሌላው እጇ ግን አገጯ ላይ ነው። በእጇ ጀርባ፣ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ከከንፈሯ በታች ያለውን ሁሉ ሸፍናዋለች።

አቢጊያ እንባዋ መጣ። እኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። ማኅተሙ የከለከለኝን ያንኑ ቦታ ቶሌራም ከለከለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጨርሳት የምፈልጋት ፊት ነበረች፤ እሱ ጋ ስደርስም ሳትጨረስ ቀረች። ተናድጄበት፣ ናፍቄው፣ ከሥሯ ቆሜ ቀረሁ።

ሕዝቡ ግን እንደኔ ቅር አላለውም። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ከሥዕሉ ሥር፣ አንዱ ፊት ለፊቱ። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ፊት ለፊት ባለው ላይ ተጣቦ መቀመጥ ጀመረ። ሚስቱን ያመጣ ነጋዴ "ይቺ ሴትዮ ጥርሷን አሟታል፣ ለምን አትነቅሉላትም?" ብሎ አሳቀን፤ ቆይቶ ግን ለብቻው ተመልሶ መጥቶ ሲያያት ያዝኩት። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና "እኅቴ እንዲህ ነበር የምትነሣልኝ፤ ከሞተች ወዲህ የተነሣልኝ ሰው የለም" አሉ። የጽዳት ሠራተኛችን አሰፋሽ ፍሬሙን ስትወለውል "እንዴት አደርሽ" ትላታለች። "ኧረ አሰፋሽ፣ አባቴ እንዳይሰማ" አልኳት። "ሰላምታ ስግደት ሆነ እንዴ?" ብላ መለሰችልኝ።

በየካቲት ከካቺሲ አንዲት ልጅ ሪፈር ተጽፎላት መጣች፤ ሃዋኒ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ እናት የላትም፣ ከባሏ በቀር ተከታይ የላትም፣ እሱንም በር ላይ አስቀርተነዋል። በምጡ መሀል እየዞረች ሥዕሉን ታያለች። "የቤቱ ባለቤት እሷ ናት?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት፤ ውሸት አልመሰለኝም። "ቦታ ስትለቅልኝ ነው" አለችና ተቀመጠች። ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። አዋላጇ እኔ ነበርኩ፤ ሃዋኒ ግን ያመሰገነችው ግድግዳውን ነው። እኔም ቶሌራን አመሰገንኩት፣ በልቤ፣ ነቀምቴ ድረስ የሚሰማ ይመስል።

ፋሲካ አለፈ። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚወስደው ከእኛ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሆኖም የተመላላሽ ክፍሉ በሌላ በኩል ስለሆነ ሥዕሉ የት እንዳለ አያውቅም፣ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ጠዋት ግን የተመላላሽ ክፍሉ መለኪያ ተበላሸና "እናቶች ክፍል ሄደው ይለኩ" ተባለ። አቢጊያ ሮጣ መጥታ "አባትሽ መጥተዋል" አለችኝ። መጋረጃውን ልመልስ፣ ሥዕሉን ላወርድ፣ ምን ላድርግ እያልኩ ከመድኃኒት ክፍሉ ብቅ ስል እሱ ገብቷል። ከሥዕሉ ሥር ባለው ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀምጧል። አላየውም። ፊት ለፊቱ ያለችው ሃዋኒ ነበረች፤ የአራስነቷን ጊዜ አምቦ ባለ የባሏ ዘመድ ቤት አሳልፋ ልጇን ለክትባት አምጥታለች።

"አባ" አለችው ሃዋኒ፣ በኦሮምኛ፣ እንደ ልጅ ነው የምታወራው። "እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ። ሴትየዋን ጋረዷት።"

አባቴ ከጀርባው የተቀመጠ ሰው ያለ መሰለው። ለሰው ጀርባ መስጠት ከሁሉ የሚያሳፍረው ነገር ነው። ቶሎ ብድግ አለና፣ "ይቅርታ እኅቴ" ብሎ ዞረ።

እናቴም ብድግ እያለችለት ነበር።

እንዴት እንደቆሙ ልነግራችሁ ባልችል ቅር አይበላችሁ። ሁለቱም ከመቀመጫቸው ገና እንደተነሡ፣ ፊት ለፊት። ባርኔጣው እንዴት ከራሱ እንደወረደ አላየሁም፤ እጁ ላይ ሆኖ ነው ያየሁት።

"ምጥ ይዞኝ ስመጣ ቦታ የለቀቀችልኝ እሷ ናት" አለች ሃዋኒ፣ ምንም ሳታውቅ።

"ልማዷ ነው" አላት አባቴ።

እንባው እስኪታየኝ ድረስ ድምፁ ደህና ነበር። ቀረብኩት። ሳያየኝ፣ ዓይኑን ከሷ ሳይነቅል፣ "ይሄን ማን ነገረው?" አለኝ።

"ምኑን አባ?"

"አገጯን መሸፈኗን።"

"ማንም አልነገረውም። ማኅተሙ ሸፍኖት ስለነበር ነው። እንዴት እንደሆነ ስላላወቀ..."

"ጠባሳ ነበራት" አለ። "ልጅ ሆና እሳት ነክቷት። ሸነን የደረስኩ ቀን ዝናብ ደብድቦኝ አባቷ ቤት ገባሁ። እሷ በርጩማውን ለቀቀችልኝ፤ ጫማዬ ውኃ ሲተፋ አይታ ሳቋ መጣ፣ ስትስቅ ደግሞ አገጯን እንዲህ ሸፈነች። እስክትሞት እንዲህ ነው የሳቀችው። መታወቂያ ስታወጣ ፎቶ አንሺው እጅሽን አውርጂ አላት፤ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች። ማኅተሙ እዚያ ላይ ሲያርፍ ግን ደስ አላት። 'ቀበሌው ሸፈነልኝ' እያለች ሳቀች።"

እየሰማሁት ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጡብኝ። ስንት ዘመን በቁጭት ያየሁት ማኅተም ለእሷ ደስታዋ ነበር።

"ይሄን ለሰው ተናግሬው አላውቅም" አለ አባቴ። "ለአንቺም። እና እሱ ከየት አመጣው?"

ዞሮ አየኝ። ያየው እኔን አልነበረም፤ እጄን ነው። አገጬን ሸፍኜ ነበር። በእጄ ጀርባ፣ አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ አጥፌ። ስስቅ ሁልጊዜ እንደማደርገው፤ ማድረጌን ሳላውቅ።

ላወርደው ስል "አታውርጂው" አለኝ።

ሥዕሉን አየ፣ እጄን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። ከዚያ ከሃዋኒ አጠገብ እንደደከመው ሰው ተቀመጠ።

"ካንቺ ላይ ነው ያገኛት" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ስንት ዓመት አንድ ገበታ ላይ ፊት ለፊትሽ ተቀመጥኩ። ፎቶዋን መጽሐፍ ውስጥ ደብቄ እሷን እፈልጋለሁ፤ እሷ ከፊቴ ትስቃለች። እሱ በስንት ቀኑ አየሽ። ልጄን እንደዚህ አድርጎ ያያት ሰው ነው እንግዲህ የመለስኩት።"

ቶሌራ ከሸራው ጀርባ ለምን ያን ያህል ያየኝ እንደነበር፣ ዓይኑን ሰብሮ ምን ይሥል እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው እንዲህ ታይቶ ሳያውቀው ይቀራል?

"መጋረጃው የት አለ?" አለኝ አባቴ ባርኔጣውን እያጠለቀ።

ከሣጥኔ አውጥቼ ስሰጠው ወይዘሮ ካሰች ከአቧራ ሊጠብቋት ብለው የሰፉት መሆኑን ነገርኩት። ግፊቱን ሳይለካ ወጣ፤ እኔም ጋዎኔን አውልቄ ተከተልኩት። የሴት ልጅ አባት የወንዱ ቤተሰብ ጋ በእግሩ አይሄድም፤ ሽማግሌ ነው የሚመጣለት። ኦቦ ዱጋሳ ግን ቀዩን መጋረጃ በብብቱ ይዞ በአምቦ ገበያ መሀል እስከ ቅቤ ተራ ድረስ ሄደ፤ ተማሪዎቹ የነበሩት ነጋዴዎች እየተነሡ ሰላም ሲሉት እንኳ አልቆመም።

ወይዘሮ ካሰች ገና ከሩቅ አይተውት ደነገጡ። ሆኖም አጠገባቸው ሲደርስ ከበርጩማቸው ብድግ አሉና ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። አባቴ ያን ሲያይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።

"አዴ ካሰች" አላቸው። "የባለቤቴን ፊት ከአቧራ የጠበቁ እርስዎ ነዎት። እኔ ስድብ መሰለኝ። ያከበሩልኝን ሰው በሽማግሌ ፊት አዋረድኩ። ይቅር ይበሉኝ። ገለቶሚ።" አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ወይዘሮ ካሰች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። "እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። መጋረጃውን ይመልሱልኝ፣ ሌላ ነገር እሰፋበታለሁ።"

"የለም፣ ይሄ ሥራ አለው። ከሰዓት በኋላ በዚያ ክፍል መስኮት ፀሐይ ይገባል፤ ቀለሟን ያበላሸዋል። መስኮቱ ላይ ይሰቀል።"

"ሥዕሉን ቤት አትወስደውም አባ?" አልኩት።

"ልወስዳት? ያን ሁሉ እንግዳ ጥላ?" አለኝ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። ምን እንደፈለገ ወይዘሮ ካሰች ከእኔ ቀድመው ገባቸው፤ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ደወሉና ሰጡት።

"እማ፣ ደህና ዋልሽ?" የሚለው የቶሌራ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ።

"እማ አይደለሁም። ዱጋሳ ነኝ።"

በዚያ በኩል አንዳች ነገር ሲወድቅ ሰማን፤ የቀለም ቆርቆሮ ይመስለኛል።

"ሥዕሉን አየሁት" አለ አባቴ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። አገጯን ለምን አልሣልከውም?"

"አላወቅሁትም ኦቦ። ያላየሁትን ፈጥሬ ብሥል እርስዎን መዋሸት መሰለኝ። እጁን ከዱረቲ ወሰድኩት። ካጠፋሁ..."

"አገጯን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ" አለ አባቴ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ኮቱ። መጥተህ ቁጭ በል፣ እነግርሃለሁ።"

ስልኩን ወደ እኔ አሻገረው። ልጅ ሆኜ በምራቅ ፍቄ ላገኛት የሞከርኳት እናቴ እጄ ላይ ኖራለች። ያሳየኝ ሰው ከዚያ ወገን "ዱሬ፣ ዱሬ አለሽ?" እያለ ይጠራኛል። ከእንባዬ መሀል ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ገለቶሚ" አልኩት።